የዳክስሁንድ ጀርባ የማን ኃላፊነት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ማሞ ወልዴ የማራቶን ነሐስ ሜዳሊያ ያገኘበት የሩጫ ጎዳና በካርታ ላይ ሲታይ የውሻ ቅርጽ ነበረው። አዘጋጆቹ ሆን ብለው ነው እንዲያ የነደፉት፤ የውድድሩ ማስኮት ቫልዲ የተባለ ዳክስሁንድ ነበርና። ጀርመኖች ይህን ውሻ የመረጡት ጽኑ፣ ብርቱና ቀልጣፋ ስለሆነ ነው። እውነት ነው፣ እንዲያ ያለ ውሻ ነው። የሚያሳዝነው ግን አብዛኛው ስቃዩ የሚመጣው ሰው ከሚወድለት ቅርጹ መሆኑ ነው። ዛሬ ይህን የማነሣው በተለይ አውሮፓና አሜሪካ ሆነው ልጆቻቸው «ውሻ ግዙልን» እያሉ ለሚወተውቷቸው ወላጆች ነው።

ዳክስሁንድ ጀርመን ውስጥ የተገኘ የአደን ውሻ ነው። ጠባብ ጉድጓድ ገብቶ ባጀር የተባለውን አውሬ እንዲያሳድድ እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም ሆኖ እንዲወለድ በየትውልዱ ሲመረጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ኤፍጂኤፍ4 የተባለው ጂን ተጨማሪ ቅጂ እግርን ከማሳጠር አልፎ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉ ዲስኮች ያለ ዕድሜያቸው እንዲያረጁ ያደርጋል። ውበቱና ሕመሙ ከአንድ ምንጭ ተቀድተዋል ማለት ነው።

ጤናማ ዲስክ መካከሉ ለስላሳ ነው፤ ውሻው ሲዘልና ሲታጠፍ ጫናውን ይቀበላል። በዳክስሁንድ ላይ ግን ይህ ለስላሳ ክፍል ገና ቡችላ ሳለ መድረቅ ይጀምራል፤ ካልሲየም ይይዝና ይጠነክራል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ዕድሜው ባለው ጊዜ፣ ዲስኩ ይፈነዳና ይዘቱ ወደ ላይ ወጥቶ ህብለ ሰረሰሩን ይመታል። ከሶፋ ሲወርድ ሊሆን ይችላል፤ ከተኛበት ሲነሣም ሊሆን ይችላል። ከአምስት ዳክስሁንዶች ቢያንስ አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ እንደሚደርስበት ይገመታል፤ ሥጋቱ ከሌሎች ዝርያዎች ከ10 እስከ 12 እጥፍ ይበልጣል።

ሐኪሙ እንዲህ ያለ ውሻ ሲመጣለት ራጅ ከማዘዙ በፊት አረማመዱን ያያል። የእግሩን መዳፍ ገልብጦ መሬት ላይ ያኖርና ውሻው ራሱ መልሶ እንደሚያስተካክለው ይመለከታል። እግሮቹ ሽባ ከሆኑ ጣቱን በመቆንጠጫ አጥብቆ ይይዛል። እዚህ ላይ ብዙ ባለቤቶች ይሳሳታሉ፤ ውሻው እግሩን ከሰበሰበ ሕመሙ የተሰማው ይመስላቸዋል። መሰብሰቡ ግን አንጎል ሳያውቀው የሚሆን ነው። ሐኪሙ የሚፈልገው ውሻው ዞር ብሎ እንዲያይ፣ እንዲጮህ ወይም ለመንከስ እንዲቃጣ ነው፤ ያኔ ነው ስሜቱ አንጎል ድረስ መድረሱ የሚታወቀው።

ሕመሙ አምስት ደረጃ አለው፤ ከጀርባ ሕመም ብቻ ይነሣና ሽባ ሆኖ ስሜትን እስከማጣት ይደርሳል። ሕመም ብቻ ያለበት ወይም እየተንገዳገደም ቢሆን የሚራመድ ውሻ ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። መድኃኒቱ ዕረፍት ነው፤ ቢያንስ አራት ሳምንት በሣጥን ወይም በትንሽ አጥር ውስጥ፣ ለሽንትና ለሰገራ ብቻ በማሰሪያ ተይዞ እየወጣ። ለውሻ የተሠራ የሕመም ማስታገሻና ጋባፔንቲን ይታዘዝለታል። መድኃኒቱ ሕመሙን ሲያስታግስለት መዝለል ያምረዋል፤ ባለቤቱም «ድኗል» ብሎ ይለቀዋል። በዚያን ጊዜ ነው ብዙዎቹ ወደ ባሰ ደረጃ የሚወድቁት።

መራመድ ያቃተው ውሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ይነሣል፤ ሐኪሙ ከአከርካሪው ጎን ጥቂት አጥንት ከፍቶ የፈሰሰውን የዲስክ ይዘት ያወጣል። ሽባ ቢሆንም ስሜቱ ካለ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል መልሰው ይራመዳሉ። ስሜቱ ከጠፋ ተስፋው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ የኋላ እግሩን የሚጎትት ዳክስሁንድ እስከ ነገ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። የሰው አይቡፕሮፌንም አይሰጠው፤ ለውሻ መርዝ ነው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሥራው አያልቅም። ሽንቱን መሽናት የተሳነውን ፊኛውን በእጅ ተጭኖ ማሸናት፣ እግሮቹን ማፍታታት፣ በውኃ ውስጥ ማራመድ ይኖራል። አሜሪካ ውስጥ ምርመራውና ቀዶ ሕክምናው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ገንዘቡን ያጣ ቤተሰብ የሚወደውን ውሻ በመርፌ ለማሰናበት ይገደዳል። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ጥፋቱ የተሠራው ሌላ ቦታ ሆኖ ዕዳው ልጆች በሚያለቅሱበት ቤት ይወድቃልና።

የጀርባው ነገር ገዝፎ እንጂ ሌላም አለ። ጸጉራቸው ሻካራ በሆኑት ትናንሽ ዳክስሁንዶች ላይ ላፎራ የተባለ የሚጥል በሽታ፣ ጸጉራቸው ረጅም በሆኑት ትናንሾች ላይ ደግሞ ቀስ በቀስ የሚያሳውር የዓይን ሕመም ይታያል። ለሁለቱም የጂን ምርመራ አለ። ዥጉርጉር ከዥጉርጉር ሲዳቀል ዕውርና ደንቆሮ ቡችላ ሊወለድ ይችላል፤ ይህን በገንዘብ ፍቅር የሚያደርግ አርቢ ይቅርታ የለውም።

መፍትሔውስ? በኖርዲክ አገሮች ለእርባታ የሚታጨው ውሻ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ዕድሜው ጀርባው በራጅ ይታያል፤ የጠነከሩት ዲስኮች ይቆጠራሉ። ቁጥሩ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ምርጫው ውጤት አለው። ብሪታንያም ተመሳሳይ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2022 ጀምራለች። በጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ስቃይ በሚያስከትል እርባታ ላይ ያለውን ቁጥጥር የሚያጠብቅ ረቂቅ ሕግ ሲወጣ «ዳክስሁንድ ሊጠፋ ነው» የሚል ሥጋት ተነሣ። እኔ ዝርያው ይጥፋ አልልም። ነገር ግን ሰው በምርጫው ያመጣውን ጉዳት ሰው በምርጫው መቀነስ ይችላል፤ ከቻለ ደግሞ ግዴታው ነው።

ዳክስሁንድ ቤታችሁ ያለ ክብደቱን ጠብቁለት፤ የጎን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ ሊታወቅ ይገባል። በየቀኑ አራምዱት፤ ስታነሡት ደረቱንም ዳሌውንም ደግፉ። ገና ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ የእናቱንም የአባቱንም የጀርባ ራጅና የጂን ምርመራ ውጤት ጠይቁ። ሻጩ ማሳየት ካልቻለ፣ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያምር፣ አትግዙ።