አይጧን ከርዕሱ አታውጧት

«ለአስም ፍቱን መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና በየጥቂት ወሩ ይመጣል፤ ከግሩፕ ወደ ግሩፕም ይዞራል። ሊንኩን ከፍቶ እስከ ታች ያነበበ ሰው ግን የዳነችው አይጥ መሆኗን ያገኛል።

ለመሆኑ አይጥ አስም ይይዛታል? በተፈጥሮዋ አይይዛትም። ተመራማሪዎች ናቸው የሚያሲዟት። የተለመደው ዘዴ ከእንቁላል ነጩ ክፍል የወጣ ፕሮቲን ሆዷ ውስጥ በመርፌ መስጠት ነው። ሰውነቷ ፕሮቲኑን እንደ ጠላት ማየት ሲጀምር ያንኑ በርጭት መልክ እንድትተነፍሰው ይደረጋል፤ ሳንባዋም ይቆጣል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል። ርጭቱ ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትለምደውና ቁጣው ይበርዳል። የሰው አስም እንዲህ በቀላሉ ቢለመድ ኖሮ ማን ፓፍ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር?

የእንስሳት ምርምር ይቁም እያልኩ አይደለም። ሜፖሊዙማብን እንመልከት። ኢንተርሉኪን-5 የሚባለውን የሰውነት መልእክተኛ የሚያግድ መድኃኒት ነው። በእንስሳት ላይ የታየው ውጤት ትልቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የሰው ሙከራ ግን ኢዮሲኖፊል የሚባሉትን የደም ሴሎች ቢቀንስም የአየር ቧንቧውን ቁጡነት አላሻሻለም። መድኃኒቱ ሞተ ሲባል በ2009 እነዚህ ሴሎች የበዙባቸው ሕሙማን ተለይተው ሲሞከሩ የሕመሙ ማገርሸት ቀነሰ። አሜሪካ በ2015 ፈቀደችው። ለማን እንደሚሠራ የታወቀው እንግዲህ ከሕሙማን ነው፤ ያውም ከዓመታት በኋላ።

የእኛም አገር እዚህ ውስጥ አለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ላንሴት ላይ የወጣ የጅማ ጥናት፣ የመንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ እንደሚቀንስባቸው አሳይቷል። (ትል ዋጡ አላልኩም! እንግሊዝ ውስጥ በአስም ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም።) የላብራቶሪ አይጥ ግን ከጥገኛ ትል፣ ከማገዶ ጭስና ከአቧራ ተጠብቃ በንጹሕ ሣጥን ውስጥ የምታድግ ናት። የጅማ ገበሬ ሳንባ ያየውን እሷ አላየችም።

ስለዚህ ዜና ለምንተረጉም ባልደረቦቼ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «በአይጥ ላይ» የምትለዋን ሐረግ ርዕሱ ላይ እንጻፋት። ክሊክ ይቀንሳል፤ ይቀንስ። መድኃኒት መጣ ብሎ በየቀኑ የሚወስደውን ፓፍ የሚያቋርጥ ሕመምተኛ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥረው ድንገተኛ ክፍል የሚያደርሱት ቤተሰቦቹ እንጂ እኛ አይደለንም።