የቆቃ በር መቼ ይከፈት?

የአዋሽ ወንዝ በክረምት ሲሞላ የሚያደርሰውን ጥፋት፥ በበጋ ሲጐድል የሚያስከትለውን ችግር በአዳማና በአካባቢዋ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ዳርቻውን አልፎ በታችኛው ሸለቆ፥ በተለይም በአፋር ምድር፥ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። እንዲህ ያለ መከራ በደረሰ ጊዜ «ግድቡ ለምን ቀደም ብሎ አልተከፈተም?» ይባላል፤ ድርቅ በመጣ ጊዜ ደግሞ «ውሃው ለምን በከንቱ ፈሰሰ?» ይባላል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ለሁለቱም መልስ የሚሻው ሒሳብ ግን አንድ በመሆኑ፥ ዛሬ ስለዚሁ ሒሳብ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለማለት አሰብን።

እንደሚታወቀው የቆቃ ግድብ ከኢጣልያ በተገኘ የጦርነት ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የኤሌክትሪክ ኃይሉ 43 ሜጋዋት ያህል ነው። ከግድቡ በታች የወንጂና የመተሐራ የሸንኰራ አገዳ እርሻዎች፥ የአዋሽ ሁለተኛና ሦስተኛ የኃይል ማመንጫዎች፥ እንዲሁም የአዳማ ከተማ የመጠጥ ውሃ በዚሁ ወንዝ ይተዳደራሉ። እንግዲህ መብራትና መስኖ ግድቡ ሞልቶ እንዲጠብቃቸው ይፈልጋሉ፤ ከጐርፍ ለመዳን ግን ግድቡ ባዶ ቦታ ይዞ መጠበቅ አለበት። የችግሩ ሥር ይህ ነው።

የዚህ ሒሳብ አባት የወረፋ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ዴንማርካዊው ኤርላንግ በቴሌፎን መስመር ላይ የሚደራረበውን ጥሪ በሒሳብ መረመረ። በ1954 አውስትራሊያዊው ሞራን የግድብ ውሃም እንደ ወረፋ ሊታሰብ እንደሚችል አሳየ። ዝናቡ እንደ እንግዳ ሳይታሰብ ይመጣል፤ ግድቡ የመቆያ ክፍል ነው፤ በሩም አሰናባች ነው። ወረፋተኛው አንድ በአንድ የሚቈጠር ሰው ሳይሆን ሳያቋርጥ የሚፈስ ነገር ሲሆን፥ ሊቃውንቱ «የፈሳሽ ወረፋ» ይሉታል። የመቆያው መጠን ራሱ የመግቢያውን ወይም የመውጫውን ፍጥነት ሲለውጥ ደግሞ ነገሩ «ግብረ መልስ» ያለው ይሆናል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ቍጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተመረጡ እንጂ የቆቃ አይደሉም። 100 መስፈሪያ የሚይዝ ግድብ በክረምቱ መግቢያ 20 አለው እንበል። በሦስቱ የክረምት ወራት በየወሩ 30፥ በዘጠኙ የበጋ ወራት በየወሩ 2 ይገባል፤ ሁልጊዜም በየወሩ 9 ይወጣል። በክረምት 63 ይጨምራል፥ በበጋ 63 ይቀንሳል፤ ዓመቱ ሲዞር ያው 20 ይሆናል። ክረምቱ ከብዶ በየወሩ 40 ቢገባ ግን ውሃው 113 ለመድረስ ሲሻ 13ቱ ሞልቶ ይፈሳል።

አሁን «በክረምት ወር መግቢያ ውሃው ከ50 በላይ ከሆነ በወሩ 20 ይለቀቅ» የሚል ደንብ እናውጣ። በከባዱ ክረምት ውሃው 51፥ ከዚያ 71፥ ከዚያ 91 ይሆናል፤ ጐርፉም ቀረ። ይሁን እንጂ በደኅናው ዓመት ይኸው ደንብ ለሚቀጥለው ክረምት 20 በማስተረፍ ፈንታ 9 ብቻ ያስተርፋል። ተከታዩ ክረምት ሰስቶ በየወሩ 20 ብቻ ቢገባ፥ ያለ ደንቡ 10 ይጐድል የነበረው ከደንቡ ጋር 21 ይጐድላል። ስለዚህ ከጐርፍ መዳን ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ሌላ ዓመትና ሌላ ሰው ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር መዘግየት ነው። በላይ የዘነበው ዝናብ ግድቡ እስኪደርስ፥ ከግድቡም የተለቀቀው እርሻው እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ውሃው ከፍ ማለቱን አይቶ ብቻ በሩን የሚከፍት ሰው የሚሠራው ባለፈው ወሬ ነው፤ ዘግይቶም ብዙ ይለቃል። በዚህ ላይ ከደጋው ታጥቦ የሚመጣው ደለል የግድቡን ሆድ ከዓመት ወደ ዓመት ስለሚያጠበው፥ ትናንት ልክ የነበረው ደንብ ዛሬ ልክ አይሆንም።

በር ጠባቂ የሌለውን ግብረ መልስ ለማየት የሚሻ ወደ ዝዋይ ይውረድ። ሐይቁን መቂና ቀታር ይመግቡታል፤ እርሱም በቡልቡላ ወንዝ አብያታን ይመግባል። የዝዋይ ውሃ ሲጐድል ቡልቡላ ይቀጥናል፤ መውጫ የሌለው አብያታም ይሸሻል። በዝዋይ ዳር የተተከለ ፓምፕ ሁሉ ዕዳው የሚታየው አብያታ ላይ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት የበር አከፋፈት ደንብ በየጊዜው ደለሉ እየተለካ መታደስ፥ ከታች ላለው ገበሬና አርብቶ አደርም አስቀድሞ በሚገባው ቋንቋ መነገር አለበት። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎችም ይህን ሒሳብ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለደጃፋቸው ወንዝ ቢያጠኑት መልካም ነው። የመልቀቂያውን ወረቀት የሚፈርመው ወጣት ሹምም ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ዛሬ የምንለቀው ማንን ያድናል? ለከርሞስ ማንን ያስጠማል? ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ይህ የሚጠየቀው ሰማዩ ከመጥቈሩ በፊት ነው።