ፎቶግራፍ ለማደስ የሚሆን ላፕቶፕ አመራረጥ

በ1980 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988) የሐርጌሳ ከተማ በዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖችና መድፎች ተደብድባ ከቤቶችዋ አብዛኞቹ ፈረሱ። ሕዝቡም ነፍሱን ለማትረፍ ወደ ኢትዮጵያ ሲሰደድ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ይዞ ለመውጣት አልቻለም። የዚያ ዘመን መታሰቢያ የሆነው የሚግ አውሮፕላን ዛሬም በከተማይቱ መካከል ከፍ ብሎ ይታያል። በቤተ ሰብ ዘንድ ግን ሌላ መታሰቢያ ይኖራል፤ ይኸውም ከጥፋቱ የተረፈ አንድ ያረጀ ፎቶግራፍ ነው።

እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ በስካነር አንሥቶ በኮምፒዩተር ለማደስ የሚያስብ ሰው፥ ላፕቶፕ ሲገዛ ከሁሉ አስቀድሞ የስክሪኑን ጥራት ሊመረምር ይገባዋል። ብዙ ሰዎች ግን ስለ ፍጥነቱ ብቻ ጠይቀው ይገዛሉ። ፍጥነቱ ቢያንስ ሥራው ይዘገያል እንጂ አይበላሽም። ስክሪኑ ቀለምን አዛብቶ ቢያሳይ ግን ሠራተኛው አርማለሁ ብሎ የሟቹን አባት መልክ ይለውጣል። ወረቀቱ እያረጀ ሲሄድ ለልጅ ልጆች የሚደርሰው የታደሰው ፎቶግራፍ ስለሆነ፥ እነርሱም አያታቸው ያ መልክ የነበረው ይመስላቸዋል።

እንግዲህ ገዢው ሦስት ነገሮችን ያስተውል። አንደኛ፥ ስክሪኑ አይ ፒ ኤስ ወይም ኦሌድ ከሚባሉት ዓይነቶች ይሁን፤ ቲ ኤን የሚባለው ርካሽ ዓይነት ከላይ ወይም ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይለወጣልና። ሁለተኛ፥ ኤስ አር ጂ ቢ የተባለውን የቀለም ክልል 100 በመቶ ወይም ለዚያ የቀረበ የሚሸፍን ይሁን። በዕቃው መግለጫ ላይ «45 በመቶ ኤን ቲ ኤስ ሲ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ቀለሙ የሚደበዝዝ ስክሪን መሆኑን ይወቅ። ከሐርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፥ በላስ ጌል ዋሻዎች፥ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ1995 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቋቸው የጥንት ላሞች ሥዕሎች አሉ። የእነዚህን ፎቶግራፍ ከፍቶ መመልከት መልካም ፈተና ነው፤ ቀዩ ቀለም በደካማ ስክሪን ላይ ድምቀቱን ያጣል። ሦስተኛ፥ ብርሃኑ ከ300 ኒት የማያንስ፥ ገጹም እንደ መስተዋት የማያንጸባርቅ ቢሆን፥ ፀሐይ በበረታበት አገር ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል።

መልካም ስክሪንም ቢሆን አያያዙን ካላወቁበት ያሳስታል። ብርሃኑን ያለ ልክ ከፍ አድርጎ የሚሠራ ሰው ፎቶግራፉ እጅግ የነጣ መስሎት ያጠቁረዋል፤ በወረቀት ሲታተምም ጨልሞ ይወጣል። ማታ ማታ ለዓይን ዕረፍት ሲባል ስክሪኑን ወደ ቢጫነት የሚለውጠው አሠራርም በሥራ ሰዓት መዘጋት አለበት። የቀለም መለኪያ መሣሪያ የሚያገኝ ሰው ስክሪኑን በየጊዜው ያስተካክልበት፤ ዋጋው ቢከብድ ሁለት ሦስት ፎቶ ቤቶች በኅብረት ሊገዙት ይችላሉ። በስካነር የተነሣውም የመጀመሪያ ቅጂ ሳይነካ ለብቻው ይቀመጥ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና፥ ግዢው በችኮላ አይሁን። አስተዋይ ገዢ በሚገባ የታተመ አንድ ፎቶግራፍና የዚያኑ ቅጂ በፍላሽ ይዞ ወደ ሱቅ ይሂድ። ቅጂውን በስክሪኑ ላይ ከፍቶ ከወረቀቱ ጋር ጎን ለጎን ያስተያይ። የሰው ፊት በሁለቱም ላይ አንድ ሆኖ ከታየው፥ ያን ጊዜ ስለ ዋጋው ይነጋገር።