የጋራ ኮምፒውተር የሰው ገመና አይያዝ

የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጽፎ ስክሪን ላይ መለጠፍ ይቁም። በወጣት ማዕከላት ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሁሉም በዚያው በተለጠፈው ይለፍ ቃል ስለሚገባ፣ የወረዱ ፋይሎች ማኅደሩን በከፈትኩ ቁጥር የማላውቃቸው ሰዎች የፓስፖርት ቅጂ፣ ሲቪና የባንክ ደረሰኝ ይጠብቁኛል። ብሮውዘሩም የአንዱን ኢሜይል እንደተከፈተ ያሳየኛል፤ ባለቤቱ ግን ጉዳዩን ጨርሶ ሄዷል።

መፍትሔው ሳንቲም አያስወጣም። ሊኑክስ ሚንት የተባለው የኮምፒውተር ሲስተም የእንግዳ መግቢያ አለው፤ ከማስተካከያው መፍቀድ ብቻ ነው። ላይትዲኤም በተባለው የመግቢያ ፕሮግራም ፋይል ላይ አንድ መስመር ሲጨመር ደግሞ ማሽኑ ገና ሲበራ ያለ ይለፍ ቃል በእንግድነት ይከፈታል። ተጠቃሚው ሲወጣ ጊዜያዊ አካውንቱ ከነፋይሉ ይደመሰሳል። ሁሉም በአንድ ቋሚ አካውንት እንዲገባ ማድረግን ግን ከዚህ ለይተን ልናየው ይገባል፤ እሱ ምንም አያጠፋም።

«የተማሪው ሥራ ቢጠፋስ?» የሚሉኝ ኃላፊዎች እውነት አላቸው። መብራት ድንገት ሲሄድ ፍላሽ ላይ ያልተቀመጠው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በይለፍ ቃሉ ወረቀት ፋንታ «ሥራዎን ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ» የሚል ይለጠፍ። ኡቡንቱ የተባለው ተመሳሳይ ሲስተምም በ2017 እ.ኤ.አ. እንግዳው የሌሎችን ፋይል እንዲያይ የሚያደርግ ክፍተት ተገኝቶበት ነበር፤ ስለዚህ ሲስተሙ ይታደስ፣ የቢሮ ሰነድም በጋራ ማሽን ላይ አይቀመጥ።

የጠፋ የቤት ሥራ እንደገና ይጻፋል። በማያውቁት ሰው እጅ የገባ ፓስፖርት ግን አይመለስም።