ከሞተሩ በፊት አክስሉን

አሮጌ ላንድ ክሩዘር ገዝቶ ለቤተሰብ የገጠር ጉዞ ሊያሳድሰው ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ሞተር ላስገጥምለት?» ብሎ ነው። እኔ ግን በቅድሚያ ጎንበስ ብላችሁ አክስሉን እንድታዩ እመክራለሁ። የደከመ ሞተር ዳገት ላይ ያዘግማል እንጂ ቤት ያደርሳል። አክስል ሲሰበር ግን ነገሩ ጎማ እስከ መውለቅ ሊደርስ ይችላል፤ ያውም ልጆች ተጭነው።

የኋላ አክስል ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ራሱ ነው፤ ዘንጉ ከተሰበረ ጎማው አብሮት ሊወጣ ይችላል። በሁለተኛው ክብደቱ የሚያርፈው በውጭው ቤትና በኩሽኔታዎቹ ላይ ነው። የዘንጉ ሥራ ማዞር ብቻ ስለሆነ ቢሰበር እንኳ ጎማው ቦታውን አይለቅም፤ ብዙ ጊዜም የተሰበረውን አውጥቶ በፊት ጎማዎች ጉልበት እስከ ቅርብ ከተማ መድረስ ይቻላል። በ70ው ላንድ ክሩዘር ሁለቱን ለመለየት መካኒክ አያስፈልግም። ከኋላ ቸርኬው መሃል ወጣ ያለ፣ ዙሪያውን በብሎን የታሰረ ክብ ካያችሁ ሁለተኛው ነው። ጣሪያው ላይ ድንኳንና ጄሪካን ለሚጫንበት መኪና ከዚህ ሌላ አልመርጥም።

የፊቱን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የተሠሩት 70ዎች በባሌስትራ ፈንታ ሞላ አላቸው። መኪና ለሚያስመልሰው ልጅ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ የአገራችን ትልቁ ፈተና ከፍታው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። በፋብሪካው ልክ 130 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በባሌው ሳነቴ ላይ ወደ 80 ይወርዳል። ታዲያ ቱርቦ ይቀጠልበት? እኔ አልወደውም። ሙቀቱ ይጨምርና ቴስታታ እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። ቱርቦ የግድ ካላችሁ ከፋብሪካው ይዞት የወጣው 1ኤችዲቲ ይሻላል። በኮምፒውተር የሚመሩት አዳዲሶቹ ጉልበታቸው ያስቀናል፤ ቆሻሻ ናፍታ ግን አይችሉም፣ ከከተማ ርቀው ሲቆሙም ብልሽቱን የሚያነብ መሣሪያ ፍለጋ ነው።

ስለዚህ 1ኤችዜዱን እንዳለ ትቼ ገንዘቡን ዲፈረንሻሉ ላይ አውለዋለሁ። ምክንያቱም ለመልክ ሲባል ከ31 ወደ 33 ኢንች ጎማ ስትሸጋገሩ 4.11 የነበረው የዲፈረንሻል ጥርስ ምጣኔ እንደ 3.86 መሥራት ይጀምራል። መኪናው ከባድ ማርሽ ላይ የቆመ ያህል ይሆናል፤ የፍጥነት ቆጣሪውም ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ወይ ጎማውን ተዉት፣ ወይ ምጣኔውን ከፊትም ከኋላም እኩል ለውጡ። የአንዱን ብቻ ለውጦ ባለአራት ጎማውን ማስገባት ካምቢዮ መስበር ነው።

ሞተር መቀየሩ ካልቀረ ደግሞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሻጩን ሰነድ ተቀበሉ፤ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ መስተካከል አለበት።