ስለ ትንሽ መኪና ማርሽ አመራረጥ

በፀዳም ሆነ በጎንደር አንድ ነጋዴ ትንሽ መኪና ለመግዛት ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋዋን፥ ቀጥሎም የቤንዚን ፍጆታዋን ነው። ከዚያ በኋላ፦ «ማርሿ የእጅ ነው ወይስ አውቶማቲክ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። አንዱ «የእጅ ማርሽ የሌላት መኪና ለደጋ አገር አትሆንም» ይላል፤ ሌላው «በዚህ ዘመን ፍሪሲዮን ሲረግጥ የሚውል ማን ነው?» ብሎ ይመልሳል። እኔም በአንድ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ ብዙ የመኪና ውል የጻፍሁ ስለ ሆንሁ፥ በዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ ፈቃዳችሁን እለምናለሁ።

በመጀመሪያ የሁለቱን ጠባይ ማወቅ ያሻል። የእጅ ማርሽ ያላት መኪና ፍሪሲዮኗ ቢያልቅ የሚለውጠው መካኒክ በቅርብ አይታጣም፤ ሹፌሩም የሞተሩን ኀይል እንደ ፈቃዱ ያዛል። እንደ ቪትዝ ባሉት በብዙዎቹ ትንንሽ መኪናዎች ያለው አውቶማቲክ ግን በሁለት መዘውሮች መካከል በሚዞር የብረት ቀበቶ የሚሠራ ነው። ይህ ዓይነት ካምቢዮ ለእርሱ የተለየ ዘይት ይፈልጋል፤ ሌላ ዘይት ቢጨመርበት ይበላሻል፥ ጥገናውም ከፍሪሲዮን ለውጥ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይሁን እንጂ በገበያ ቀን በጎንደር ዳገት ላይ እየቆመ ለሚነሣ ሰው ትልቅ ዕረፍት መሆኑን መካድ አይቻልም።

የአገራችንም ከፍታ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከኀይሉ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ በጃፓን 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት የነበረው ባለ1000 ሲሲ ሞተር በእኛ ዘንድ 55 ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ደባርቅ ሲደርስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። «አውቶማቲክ ዳገት አይወጣም» የሚባለውም ብዙ ጊዜ የማርሹ ሳይሆን የሞተሩ ማነስ ነው።

ነገር ግን ክርክራችን ሁሉ ስለ ዳገት ሲሆን፥ ሕይወትና ንብረት የሚጠፋው ይልቁን በቁልቁለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሠሪዬ አንዲት አውቶማቲክ ቪትዝ ገዙ። ውሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የሞተሯን ቍጥር፥ የሻንሲዋን ቍጥር፥ ቀለሟንና ዋጋዋን በፊደልና በአኃዝ አንድም ሳላስቀር አሰፈርሁ። በሌላ ሳምንት ለሂሳብ ጉዳይ ወደ አዲ አርቃይ አብረን ሄድን። ከደባርቅ አልፈን ሊማሊሞን መውረድ እንደ ጀመርን የተቃጠለ ነገር ሸተተን። አሠሪዬም ፍሬኑን ደጋግመው ሲረግጡ ፔዳሉ እየላላ ሄደ። በእግዚአብሔር ቸርነት የእጅ ፍሬኑን ስበው በገደሉ ተቃራኒ በኩል ካለው ቋጥኝ ሥር አቆሟት። ከጎማው ጢስ ይወጣ ነበር። ጥቂት ቆይተው፦ «አንተ የተማርህ ሰው፥ ይህች ፊደል ምን ትላለች?» ብለው ማርሹን አሳዩኝ። ዘንጉ ከላይ እስከ ታች በዲ ላይ ነበረ፤ ከሥሩ የተጻፉትን ኤስንና ቢን ግን ሻጩም አልነገረን፥ እኛም አልጠየቅንም። መኪናዪቱ ለጃፓን ገበያ የተሠራች በመሆኗ መጽሐፏም በጃፓንኛ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፍሬን የመኪናን ሩጫ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ቁልቁለቱ ሲረዝም ሙቀቱ መውጫ ያጣል፥ የፍሬኑም ዘይት ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ የቀድሞ ሹፌሮች «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» ይሉ ነበር፤ ዝቅ ያለ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዛልና። በአውቶማቲክ መኪና ይህንኑ ሥራ የሚሠሩት ቢ፥ ኤል ወይም 2 ተብለው የተጻፉት ቦታዎች ናቸው። ቤንዚን ለመቈጠብ ሲባል ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት መውረድማ ከጥፋት ሁሉ የከፋ ነው።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። በከተማ ለሚውል ባለሱቅ አውቶማቲኳ ትመቸዋለች፤ ወደ ገጠር ጭኖ ለሚመላለስ የእጅ ማርሽ ትሻለዋለች። በሁለቱም ግን አዳኙ የማርሹ ዓይነት ሳይሆን የሹፌሩ ዕውቀት ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለምን? በእጅ ማርሽ የሚነዳ ሰው ይህን ዕውቀት በግድ ይማረዋል፤ አውቶማቲክ የገዛው ግን ካልነገሩት አያውቀውም። ስለዚህ መንገሩ የሻጩ ዕዳ ነው።

ምናልባት «በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ምክር ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። አስቀድመው የገቡት መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ መሆናቸውን ሁላችን እናያለን። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን የሚለዋወጥ ማርሽ ባይኖራትም ከዚህ ትምህርት ነጻ አይደለችም። ሹፌሩ እግሩን ሲያነሣ ሞተሯ ኀይሉን ወደ ባትሪው እየመለሰ መኪናዪቱን ይይዛታል፤ ባትሪው ሞልቶ ከሆነ ግን የሚመለሰውን የሚቀበል ቦታ ስለሌለ ይህ መያዝ ይደክማል። እንግዲያስ ደባርቅ ላይ ባትሪውን እስከ አፉ ሞልቶ ሊማሊሞን መውረድ ብልኅነት አይደለም።

በመጨረሻም ለንግድ ጓዶቼ አንድ ነገር አሳስባለሁ። መኪና የሚያስመጣና የሚሸጥ ሁሉ የማርሹን ፊደላት ትርጉም፥ የካምቢዮውን ዘይት ዓይነትና የቁልቁለት አነዳዱን በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ከውሉ ጋር ያያይዝ። ወጪው የአንድ ቅጠል ወረቀት ነው። እኔ ከሊማሊሞ ከተመለስሁ ወዲህ ያለዚህ ገጽ አንድም የመኪና ውል ጽፌ አላውቅም።