ተራ የሚያስይዝ ይሾምልን

ከክብረ መንግሥት ወደ ነገሌ የሚወርድ ሰው ወደራን ሳያልፍ አይደርስም። መንገዱ አንድ ነው፤ ገበያው አንድ ነው፤ ጥሙም አንድ ነው። ነገር ግን በ1937 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 74 ማዘጋጃ ቤቶችን በሕግ ካጸና ወዲህ ልማዳችን እያንዳንዱ ከተማ ማኅተሙንና ሣጥኑን ይዞ ጎረቤቱን እንደ ባዳ ማየት ሆኖአል።

በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ከቦረና፣ ከጉጂና ከባሌ ቆርጦ ምሥራቅ ቦረና የሚባል ዞን ሲያቋቁም ነገሌ የአዲሱ ዞን ከተማ ሆነች፤ ወደራ በጉጂ ቀረች። ሕዝብ በዚህ ብዙ ጮኾአል፤ እኔ ለመፍረድ አልተነሣሁም። የምጠይቀው፥ ወሰኑ በወረቀት ሲዛወር የውሃው ቦቴና ፓምፕ ጠጋኙ በማን ትእዛዝ ይሻገራሉ?

ሞያሌንማ ተዉት! በአንዲት ከተማ ኦሮሚያም ሶማሌም የየራሳቸውን አስተዳደር አቁመዋል፤ የኬንያዋን ሞያሌ ብንጨምር ሹሙ ሦስት ነው። አንዱ ወገን ቆሻሻውን ቢጠርግ፣ ሌላው ባይጠርግ፣ ዝንቡ የማንን ክልል ይጠይቃል?

ፈረንሳዮች ትንንሽ ከተሞቻቸው ለጋራ ሥራ ማኅበር እንዲያቆሙ እ.ኤ.አ. በ1890 ሕግ አውጥተዋል። ግን እስከዚያ ድረስ ምን አስኬደን? ቦረናዎች ቱላ የሚሉአቸው ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ጉድጓዱ አባ ኮንፊ አለው፤ ተራ የሚያስይዘው ግን አባ ሄሬጋ ነው። የማን ከብት በስንተኛው ቀን ይጠጣል፣ ጉድጓዱን ለመጥረግ ማን ይወጣል የሚለው በስብሰባ ይቆረጣል። ጎበዛዝቱ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውሃውን በዜማ ይቀባበሉታል፤ አንዱ እጁን ቢሰበስብ ከላይ ያለው ገንዳ ይደርቃል። ማኅተም የለው፣ ፋይል የለው።

እንግዲህ ክልሉ ለከተሞቹ አንድ አባ ሄሬጋ ይሹምልን። ነገሌ፣ ወደራ፣ ያቤሎ፣ ሜጋና ሞያሌ ቦቴውን፣ ጋራዡንና የእሳት ማጥፊያ መኪናውን በጋራ ይያዙ፤ ወጪው በነዋሪው ቁጥር ይደልደል፤ ተራው ተጽፎ በየማዘጋጃ ቤቱ በር ይለጠፍ። ለሞያሌ ሁለቱ ክልሎች ለብቻ ይፈራረሙ።

ትልቁ ከተማ ትንሹን ይውጠዋል የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ቦቴው ነገሌ ካደረ ነገሌ ቀድማ ትጠጣለች። ስለዚህ ሰብሳቢነቱ በየዓመቱ ይዙር፤ ሒሳቡም በአደባባይ ይነበብ።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወቅት በተከታታይ ሲቀር የቦረና ከብት በየሜዳው አለቀ። ያን ጊዜ ስብሰባ የተጠራው ከብቱ ከወደቀ በኋላ ነበር። አሁን ግን ሣር አለ፤ ሹማምንቱ ዛሬውኑ ይቀመጡ።